ከሐሙሲት ቆላ የወረደ ኪኒን

ተረት ተረት አልላችሁም፤ እናንተም የላም በረት አትበሉኝ። የምተርክላችሁ የሆነ፣ ዛሬም የሚሆን ነገር ነው። ስም ብቻ አትጠይቁኝ። ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ ከደራ፣ ከፎገራና ከሊቦ ከምከም ወደ ቆላ የወረዱ ወንዶች ብዙ ናቸው፤ እኔ የሁሉንም መንገድ በአንድ ሰው እግር ነው የማስኬደው። ቦታው፣ በሽታው፣ መድኃኒቱና ዘመኑ ግን እንዳለ ነው።

ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄድ ሰው ሁሉ ሐሙሲትን ያልፋታል። አስፋልቱ መሐሏን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ሐሙስ ገበያ ሲቆም መኪናው በከብትና በእህል ጫኝ መካከል እየተሹለከለከ ይወጣል። ከዚያ የጉማራ ድልድይ፣ ከጉማራ ወዲያ የፎገራ ሜዳ፣ ቀጥሎ ወረታ። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ደብረ ታቦር ይወጣል። ቀጥ ያለ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ አዘዞ ላይ ከታጠፈ ደግሞ መተማ ይወርዳል። ሰውየው የወረደው በዚህ ነው።

ለምን ወረደ አትሉኝም? መሬቱ ጠባብ፣ ልጆቹ አራት። ቆላ ደግሞ በሐምሌ አረም አለ፣ ከመስከረም ጀምሮ የሰሊጥ አጨዳ አለ። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው እጅ ይፈልጋል፣ ደገኛውም ገንዘብ ይፈልጋል። በየክረምቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ መተማ፣ ወደ አብደራፊ፣ ወደ ሁመራ የሚጎርፈው በዚህ ነው።

ይኸኛው ሰው ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ነበር። ኤች.አይ.ቪ በደሙ ይገኛል። መድኃኒት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ታውቃለች፤ ከሐሙሲት ጤና ጣቢያ ሲስተር በቀር ሌላ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። 1997 ዓ.ምን ያዙልኝ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን በ1978 ዓ.ም ከታወቁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ነበር። ከነጻው በፊት ሁለት ዓመት ገደማ መድኃኒቱ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይቀበራል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ ከሊቦ ከምከም ሌላ ወሬ መጣ። ሰው ለሳምንታት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ይከሳል፣ ሆዱ በግራ በኩል ይነፋል፣ ደሙ ያልቃል፣ ይሞታል። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው፤ ሁመራና መተማ ያውቁታል። ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ባለ የደጋ አገር እንዲህ ሲነሣ ግን ታይቶ አይታወቅም ነበር። ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከሚያ ከፈቱ፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመ። አጥኚዎች ቤት ለቤት ሲጠይቁ፣ ሌሊት ውጭ የሚያድርና ግራር ሥር የሚተኛ ሰው ይበልጥ መያዙን አገኙ።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ለደቡብ ጎንደር ሁለት ነገር ደረሳት፤ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ በሽታ። የሰውየው ታሪክ እነዚህ ሁለቱ ሰውነቱ ውስጥ የተገናኙበት ታሪክ ነው።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ሌሊት ነው የምትነክሰው። የዋልካው መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ ትኖራለች፤ የግራሩ ሥርና የምስጥ ኩይሳም ቤቷ ነው። ተውሳኩን ወደ ደም ብታስገባም ጤነኛ ሰው ሁሉ አይታመምም። ብዙው ሰው ተውሳኩን ሰውነቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ግን የተቀበረው ይነሣል። ኤች.አይ.ቪ የሚያጠቃው ይህንኑ መከላከያ ነው። ካላዛር በበኩሉ ቫይረሱን ያበረታዋል፣ ሲዲ ፎር የሚባለውን የመከላከያ ሕዋስ ያወርደዋል። አንዱ ለአንዱ በር ይከፍታል። በሁመራና በአብደራፊ ማከሚያዎች ከአምስት የካላዛር ታማሚ አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ቫይረሱ ይገኝበት የነበረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ሐምሌ ሲገባ ለሲስተር ሳይነግራት ወረደ። ቀጠሮው የስድስት ወር ስለሆነ በቂ ኪኒን ቤቱ ውስጥ ነበረው። ይህ የስድስት ወር ቀጠሮ ከ2010 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ቫይረሱ ለተመታላቸው ሰዎች የመጣ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መመላለስ ነበር። ለቀን ሠራተኛ ትልቅ ነጻነት ነው። ሰውየው ግን ስድስቱን ወር ይዞ አልወረደም። ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል፤ ሃያ ሰው በአንድ ዳስ በሚያድርበት ቦታ የሚንኳኳ ብልቃጥ ምስጢር ያወጣል። እናም የሦስት ወሩን ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ በጃኬቱ ውስጥ ሰፋው፣ የቀረውን ቤት ተወው።

የቆላው ሙቀት አርባ ዲግሪ ይደርሳል። ኪኒኑ ከ30 ዲግሪ በታች፣ ከእርጥበትም ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናት፣ ብዙ ሰው ግን ቆሻሻ መስላው ይጥላታል። ፌስታሉ ውስጥ ላብና ሙቀት ተቀላቀለበት። ያም ሆኖ ሰውየው ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ ለሽንት እንደሚወጣ ሰው ከዳሱ ራቅ ብሎ አንዷን ይውጣት ነበር። እስከ መስከረም መጨረሻ አንድም ቀን አላስተጓጎለም። ይህን ስናገር አክብሬው ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የዋለ ሰው፣ ማንም ሳያየው ሰዓት ጠብቆ ለሕይወቱ ይነሣ ነበር።

ጥቅምት ላይ ኪኒኑ አለቀ፤ አጨዳው ግን አላለቀም። «ሳምንት ነው፣ ሁለት ሳምንት ነው» አለ። ስድስት ሳምንት ሆነ።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። መተማም አብደራፊም ይኸው መድኃኒት የሚሰጥበት ጤና ተቋም አለ። ካርዱን ይዞ ቢሄድ፣ ካርድ ባይኖረው እንኳ የሚወስደውን ተናግሮ ቢጠይቅ፣ መንገደኛ ነው ብለው የሚያስታግሰውን ያህል ይሰጡታል። ይህን የነገረው የለም፤ እሱም እወርዳለሁ ብሎ አልጠየቀም። በሐምሌ መጀመሪያ በየጤና ጣቢያው ቀጠሮ ላይ ለመጣ ወንድ ሁሉ «ዘንድሮ ቆላ ትወርዳለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ እላለሁ። ጥያቄው ደቂቃ አይፈጅም።

ኪኒን ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ቫይረሱ ተደብቆ ነው እንጂ ጠፍቶ አያውቅም። መድኃኒቱ ከደም ሲወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። አንድ ጡባዊ የምትመስለው ኪኒን ሦስት መድኃኒት ናት፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ሦስቱ ከደም የሚወጡት እኩል አይደለም፤ ቀድሞ የወጣው ወጥቶ የዘገየው ብቻውን ሲቀር ቫይረሱ መድኃኒቱን መላመድ ይማራል። ዶሉቴግራቪር በዚህ በኩል ጠንካራ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በአገራችን የቀድሞዎቹን የተካውም አንድም በዚህ ነው። ጠንካራ ነው ማለት ግን ይቻለዋል ብሎ ማስተጓጎል አይደለም።

ሰውየው በታኅሣሥ ገንዘቡን ይዞ ገባ። ልጆቹን አለበሰ። ኪኒኑንም በዚያው ማታ ቀጠለ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለ።

የካቲት ላይ ትኩሳት ጀመረው። ጎረቤት «ወባ ነው» አለ። ፎገራ ሩዝ የሚዘራበት ውኃማ ሜዳ ነው፣ ወባ የለም አይባልም። ከመድኃኒት ቤት የወባ ገዝቶ ዋጠ፣ አልተሻለውም። ደግሞ ሌላ ዋጠ። በሦስተኛው ሳምንት እናቱ «ዋንዛዬ ሂድ» አሉት።

ዋንዛዬ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለ ፍል ውኃ ነው፤ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ለጸበል ይመጣበታል። ስለ ጸበል ስናገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የታመመ ሰው ተስፋውን ይዞ የሚሄድበትን ቦታ ማንም በቀላል ቃል አይነካም። ሆኖም በ1990ዎቹ ውስጥ ስንት ሰው ጸበል ቦታ ሲገባ ኪኒኑን ጥሎ ገብቶ አልቋል! እምነቱን የሚያጎድል መሰላቸው። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ወጥተው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱ አይጣሉም አሉ። ያን ቃል ከሰሙ መካከል ዛሬ ልጅ የዳሩ አሉ።

ሰውየውም ዋንዛዬ ላይ ኪኒኑን ከጋቢው ሥር ሲያወጣ አንዲት አሮጊት አዩት። ደነገጠ። እሳቸው ግን «ዋጥ ልጄ፣ እኔም የደም ግፊት አለብኝ» ብለው የራሳቸውን ኪኒን አሳዩት። እናም ዋጠ። የሳተው ሌላ ነገር ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ያድራል፤ ከመካከሉ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ቢኖር መከላከያው የደከመ ሰው ቀድሞ ይያዛል። ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች በዓለም ላይ ከሌላው በሽታ ሁሉ ይበልጥ የሚገድለው ሳንባ ነቀርሳ ነው። የሚጠጣው ውኃም ካልፈላ ወይም ውኃ አጋር ካልተጨመረበት፣ ጤነኛን ሁለት ቀን የሚያስቀምጥ ተቅማጥ እንዲህ ያለውን ሰው ወር ሊያቆየው ይችላል። በጸበሉ ይጠመቅ፤ የሚጠጣውን ግን አፍልቶ ይዞ ይሂድ፣ ሌሊቱንም አየር የሚገባበት ቦታ ይደር።

በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ሳይለቀው፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ገባ። ሲስተር አስተኛችው። ሆዱን በግራ በኩል ስትጫን ጣፊያው ከጎድኑ ሥር ወጥቶ ወደ እምብርቱ ወርዷል።

«ወንድሜ፣ ቆላ ወርደህ ነበር?» አለችው።

«ወርጄ ነበር።»

«መድኃኒትህስ?»

ዝም አለ። ከዚያ ስድስቱን ሳምንት ነገራት። አልተቆጣችውም። ቢቆጡት ይዋሻል፤ የሚዋሽ ታማሚ ደግሞ መድኃኒቱን ለማስተካከል አይመችም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላከችው፤ እዚያ የካላዛር ማከሚያና መመራመሪያ ማዕከል አለ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ነጻ ነህ አለው። ይኸ ነው የደከመ መከላከያ ክፋቱ፦ ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ለበሽታው የሠራውን የመከላከያ ምልክት ነው፣ ሰውነት ምልክቱን መሥራት ካቃተው ምርመራው ባዶ ይመጣል። ሐኪሞቹ ይህን ስለሚያውቁ አልለቀቁትም። ከጣፊያው በመርፌ ቀድተው በማጉሊያ ሲያዩ ተውሳኩ ተገኘ።

ሕክምናው እንደሌላው ሰው አልሆነም። ለሌላው የካላዛር ታማሚ የሚሰጠው መርፌ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ልብንና ቆሽትን ይጎዳል፤ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ሲብስ ይገድላል። ስለዚህ ጎንደርና አብደራፊ ላይ ሌላ መንገድ ተሞከረ፤ አምቢሶም በደም ሥር፣ ሚልቴፎሲን በአፍ። ውጤቱ በ2011 ዓ.ም ታተመ፤ አንድ ዙር ያልበቃቸው እስከ 56 ቀን ሲደገምላቸው ከጠቅላላው በ88 በመቶ ያህሉ ላይ ተውሳኩ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሰኔ 2014 ዓ.ም ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መከረ። ከኛው ቆላ፣ ከኛው ታማሚዎች ደም የተገኘ ዕውቀት መሆኑን ስናገር ደረቴ ይሞላል።

ሰውየው ግን በዚህ ጊዜ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደሚወስድ ቁጠሩልኝ። የቫይረሱ ኪኒን አለ። ኮትሪሞክሳዞል አለ፤ እኛ ባክትሪም የምንለው፣ ሳንባንና አንጎልን ከሚያጠቁ ተውሳኮች የሚጠብቀው፣ ከወባም ትንሽ የሚከልለው። አምቢሶም አለ፣ ሚልቴፎሲን አለ። ቴኖፎቪርም አምቢሶምም ኩላሊትን ስለሚነኩ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። ሚልቴፎሲን ያስታውካል፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ይብሳል፣ ከምግብ ጋር በቀን ሁለቴ ነው። ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት መብላት ከመድኃኒቱ ይልቅ ከበደው። ሚስቱ ወደ ነፍስ አባታቸው ስልክ ደወለች። «በሽተኛ ይብላ፣ ሲድን ይጾማል» አሉ። የማታዋን ኪኒን ጾም አይነካትም፤ የጠዋቷ ሚልቴፎሲን ግን የቄሱን ቃል ፈለገች። ሐኪምና የነፍስ አባት በአንድ ታማሚ ላይ እንዲህ ሲስማሙ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ ቀን አጠገቡ ያለ ታማሚ ጨጓራ ሲያቃጥለው አይቶ የሚታኘክ የጨጓራ ማስታገሻ ሰጠው። ፋርማሲስቱ ደረሰና ያዘው። እንዲህ ያለው ማስታገሻ አልሙኒየምና ማግኒዥየም አለበት፤ ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ኪኒኑ ከማስታገሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ይህን የምነግራችሁ ለሱ ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለነፍሰ ጡር የምትሰጠው የብረት ኪኒንም እንዲሁ ነው፤ ዶሉቴግራቪር የምትወስድ እናት ሁለቱን በባዶ ሆድ አብራ ከምትውጣቸው ከምግብ ጋር ትውሰዳቸው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ይብሳል፤ ጉበት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፣ ስለዚህ በቀን አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል፣ የነቀርሳው ሕክምና ካለቀ በኋላም ሁለት ሳምንት እንዲሁ ይቆያል። ኤች.አይ.ቪ የሌለባቸውም ከዚህ አይወጡም። በ2008 ዓ.ም መስከረም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ፣ የተተከለውን ኩላሊት ሰውነታቸው እንዳይጥለው መከላከያቸውን ሆን ብለው በመድኃኒት የሚያደክሙ ወገኖች አሉን። እነሱንም ሪፋምፒሲን ያገኛቸዋል፤ የኩላሊት መጠበቂያውን ከደማቸው ያጥብባቸዋል። ሁሉንም መድኃኒት፣ ከጓሮ የተቀነጠሰውን ጭምር፣ አንድ ወረቀት ላይ አስጽፎ በኪስ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰውየው ያንን ወረቀት ያገኘው ጎንደር ላይ ነው፤ ሐሙሲት ሲመለስ ለሲስተር ሰጣት፣ እሷም ካርዱ ላይ ገለበጠችው።

ሚያዝያ ላይ ጣፊያው ተመለሰ፣ ምግብ በላ። ተውሳኩ ግን ከሰውነቱ ጨርሶ አይወጣም፤ ሲዲ ፎሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ሊመለስ ይችላል። ለዚህም በጎንደርና በአብደራፊ የተሞከረ መላ አለ፦ በወር አንዴ የሚሰጥ ፔንታሚዲን፣ መከላከያው እስኪያንሰራራ ድረስ። እናም ሰውየው በየወሩ ጎንደር ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ መንገድ የሚዘጋበት ወር አለ። መንገድ ሲዘጋ የስድስት ወር ኪኒን ቤት ያለው ሰው ቢያንስ በዚያ በኩል ያርፋል፤ ወርሃዊውን መርፌ ግን ማንም ቤቱ አያስቀምጥም። ለእንዲህ ያለ ሰው የአንድ ቀን መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ መንገድ የሚዘጋ ሁሉ ቢያውቅ እወድ ነበር።

ቤቱም ተለወጠ። የፎገራ ላም ወተት እሱ ቤት ሳይፈላ አይጠጣም። ድግስ ላይ ቁርጥ ሲቀርብለት «ጨጓራዬን» ብሎ የበሰለ ይጠይቃል፤ ማንም አይከፋበትም። ማታ አጎበር አለ። የሚያስል ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር መስኮቱ ተከፍቶ ይውላል፣ ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት በፊት ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስታስረዳ ምስጢሩን አላወጣችም፤ «አባታችሁ ካላዛር ይዞት ነበር» ነው ያለቻቸው፣ እውነትም ነው።

እነሆ ሐምሌ ደርሷል። የሰፈሩ ወንዶች እየተጠራሩ ነው። ሰውየው ለቀጠሮው ሐሙሲት ገባና ዘንድሮ ሳይደበቅ ጠየቃት።

«ሲስተር፣ ብወርድስ?»

«የወሩ መርፌህስ?» አለችው። አብደራፊ ላይ እንደሚሰጥ፣ ደብዳቤ እንደምትጽፍለት፣ ኪኒኑን ሙሉውን በብልቃጡ እንዲይዝ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር እንደምትሰጠው፣ ዳሱም ከግራርና ከኩይሳ ይራቅ ብላ አንድ በአንድ ነገረችው። ከዚያ ሲዲ ፎሩን አየች። 140 ነው።

«እኔ ብሆን ዘንድሮ አልወርድም» አለች።

ቤት ሲገባ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ከወረታ ማዶ የሩዝ አረም የሚያሳርሙ ሰዎች ጠይቃ ቆይታለች። የቀኑ ዋጋ የሰሊጡን ግማሽ አይሞላም። አሁንም እየተነጋገሩበት ነው።